ልጃችን ሲደነግጥ ወደ ማን ይሮጣል?

እናት ጧት ወደ ሥራዋ ስትወጣ ለልጇ የምትተወው ማሳሰቢያ ብዙ ነው። «በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ፤ አስፋልት ስትሻገሪ ግራና ቀኝ ተመልከቺ፤ የማታውቂው ሰው ከረሜላ ቢሰጥሽ አትቀበዪ፤ ነይ ብሎ ቢጠራሽ አትከተዪ» ትላለች። ይህን ምክር እርሷም ከእናቷ የሰማችው ነው። ዛሬም ቢሆን ዋጋው አልቀነሰም።

ይሁን እንጂ የዛሬው እንግዳ ሰው የግቢ በር አያንኳኳም። በሩ ተቆልፎ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ልጅቱ ሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ እንደ ተቀመጠች፣ በእጇ በያዘችው ሞባይል በኩል ይገባል። ከረሜላም አይዘረጋም፤ «ቆንጆ ነሽ» ይላል፣ በጌም ያግዛል፣ የሞባይል ካርድ ይሞላል። እናት ቢሮ ወይም ፋብሪካ ሆና «ልጄ እቤት ናት፣ ደኅና ናት» ብላ ልቧ ባረፈበት ሰዓት፣ ልጅቱ ከማታውቀው ሰው ጋር ጨዋታ ይዛ ልትሆን ትችላለች።

በዛሬው ጽሑፋችን ልጆች በኢንተርኔት ሲገለገሉ ሊደርስባቸው ስለሚችለው ጉዳትና ወላጆች ሊያደርጉት ስለሚገባው ጥበቃ አብረን እንድንወያይ የፈለግነው ለዚህ ነው። ስለ ጥበቃ ሲነሣ ብዙ ወላጆች ቶሎ የሚታሰባቸው ስልክ መንጠቅና በምስጢር ቁጥር መቆለፍ ነው። እነዚህም ቦታ አላቸው። ከእነዚህ የሚቀድም ግን አንድ ጥያቄ አለ። ልጃችን በስልኩ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር ሲገጥመው ወደ ማን ይሮጣል? ወደ እናቱ ነው ወይስ ከእናቱ ይሸሻል?

ስልኩ እንዴት ገባ?

ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የመሥሪያ ቤትና የጥቂት ባለ ኮምፒዩተሮች ነገር ሆኖ ቆየ፤ ወጣቱም ቢሆን ኢንተርኔት ቤት ሄዶ በደቂቃ እየከፈለ ነበር የሚገለገለው። ወደ ልጆች እጅ የገባው በሞባይል ነው። በተለይም በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በከተማ የሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራውንና ማስታወሻውን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ስልክ እንዳይነካ ሲከለከል የኖረው ልጅ ያን ጊዜ «ስልኩን ያዝና ትምህርትህን ተከታተል» ተባለ። ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ተከፈተ፤ በብዙ ቤት ግን ስልኩ ከልጁ እጅ አልወጣም።

ከዚህም ሌላ ብዙ ቤተሰብ የሚገናኘው በዚሁ ስልክ ነው። እናት ለሥራ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ዱባይ ሄዳ ልጅ ከአያቱ ጋር ሲያድግ፣ የእናቱን ፊት የሚያየው በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ስልክ አትንካ» ማለት «እናትህን አትይ» እንደ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው ስልኩ ይግባ አይግባ ሳይሆን፣ ገብቶ የተቀመጠውን ነገር እንዴት እንያዘው የሚለው ነው።

ጉዳዩ ያስጨነቀው እኛን ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በትልልቆቹ ማኅበራዊ መገናኛዎች አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 2024 አውጥታ፣ በዲሴምበር 2025 ሥራ ላይ አውላለች። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክም በራሳቸው ደንብ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አካውንት አይፈቅዱም። ነገር ግን ደንቡ በአብዛኛው የሚመሠረተው ልጁ ራሱ በሚሞላው የትውልድ ዘመን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ቲክቶክ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የግል መልእክት መላላኪያውን ይዘጋል፤ አካውንታቸውንም ከጅምሩ ለማያውቁት ሰው ዝግ ያደርገዋል። ኢንስታግራምም ከ2024 ጀምሮ ለወጣት ልጆች የተለየ ጥበቃ ማድረግ ጀምሯል። ልጁ «20 ዓመቴ ነው» ብሎ የከፈተ እንደሆነ ግን እንደ አዋቂ ይቆጠርና ጥበቃው ሁሉ ይነሣል። ስለዚህ የልጅን ዕድሜ ከፍ አድርጎ መሙላት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም፤ አጥርን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው። አካውንቱን የከፈተለት ታላቅ ወንድሙ ወይም አክስቱ ቢሆኑም ያው ነው።

እንግዳው እንዴት ይቀርባል?

አደጋው በብዙ መልክ ይመጣል። ሕፃኑ ተረት ሊሰማ ዩቲዩብ ይከፍትና፣ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እየቀጠለ ለዕድሜው ከማይገባ ነገር ላይ ይደርሳል። የክፍል ጓደኞች በቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንዱን ልጅ መሳቂያ ያደርጉታል፤ ድሮ እንዲህ ያለው ስድብ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲበተኑ ጋብ ይል ነበር፣ ዛሬ ግን ልጁን እስከ መኝታው ድረስ ይከተለዋል። «ሽልማት ደርሶሃል፣ በመልእክት የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» የሚል አታላይም ከልጅ አፍ የቴሌግራም መክፈቻ ቁጥር ወይም የእናትን የቴሌብር ምስጢር ይቀበላል። ከሁሉ የከፋው ግን በወዳጅነት ስም የሚመጣው ነው። አካሄዱ በየአገሩ ተመሳሳይ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ ማወቁ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ሰውየው ልጆች ወደሚሰበሰቡበት ይሄዳል። ይህም የጌም መጫወቻ፣ በቲክቶክ አስተያየት የሚሰጥበት ቦታ ወይም ብዙ ሰው ያለበት የቴሌግራም ቡድን ሊሆን ይችላል። ስሙም ፎቶውም የራሱ አይደለም። የ40 ዓመት ጎልማሳ «14 ዓመቴ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ነኝ» ይላል። ቀጥሎም ያሞግሳል፣ ያዳምጣል። ልጅቱ ከእናቷ ጋር በተጣላች ዕለት «አይዞሽ፣ እኔ እረዳሻለሁ» ይላታል። ካርድ ይሞላላታል። ከዚያም ብዙ ሰው ከሚያየው ቦታ አውጥቶ ሁለቱ ብቻ ወደሚነጋገሩበት ይወስዳታል።

እዚያ ከደረሰ በኋላ እንደ ዋዛ መጠየቅ ይጀምራል። «አሁን ከማን ጋር ነሽ? እናትሽ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? ስልክሽን የሚያይብሽ ሰው አለ?» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የወዳጅ ጥያቄዎች አይደሉም። ሌባ ግቢ ከመዝለሉ በፊት ውሻ መኖር አለመኖሩን እንደሚያጣራ ያለ ነው። ልጆቻችን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቃላቸው ሊያውቋቸው፣ ከማንም አፍ ቢሰሟቸው ወዲያው ሊጠረጥሩ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምስጢር ነው፤ «ይህ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» ይላል። ከምስጢሩ በኋላ ፎቶ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ የፊቷን፣ ቆይቶ ሌላ። በመጨረሻም የፈለገው ፎቶ እጁ ሲገባ ፊቱን ይለውጣል። «ሌላ ካልላክሽ፣ ወይም ገንዘብ ካላመጣሽ ለእናትሽ እልከዋለሁ፤ ለትምህርት ቤትሽ እበትነዋለሁ» ይላል።

ይህ በሴቶች ልጆች ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በዲሴምበር 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በፎቶ እያስፈራሩ ገንዘብ በመጠየቅ ረገድ በአብዛኛው የሚጠቁት ወንዶች ልጆች መሆናቸውን አስታውቋል። እነርሱ የሚጠመዱት በሴት ልጅ ስምና ፎቶ ነው። «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል» ብሎ ችላ ማለት እንግዲህ አያዋጣም።

በካናዳ የደረሰው ነገር ለዓለም ሁሉ መማሪያ ሆኗል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በኮምፒዩተር ካሜራ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትጨዋወት በሙገሳ ተታላ ሰውነቷን አሳየች፤ ምስሉም ተቀድቶ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው በልዩ ልዩ የሐሰት ስሞች እየተሸፈነ ተጨማሪ እንድታሳይ ያስፈራራት ጀመር፤ ምስሉም ለጓደኞቿና ለትምህርት ቤቷ ሰዎች ተላከ። ትምህርት ቤት ብትቀይርም ነገሩ ተከተላት። በሴፕቴምበር 2012 የደረሰባትን በወረቀት ላይ እየጻፈች በቪዲዮ ለዓለም አሳየች፤ በወሩም ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለች የራሷን ሕይወት አጠፋች። ያሳድዳት የነበረው ሰው በውቅያኖስ ማዶ፣ በኔዘርላንድስ የሚኖር ጎልማሳ ሆኖ ተገኘ። በ2022 የካናዳ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ የ13 ዓመት እስራት ፈረደበት። እናቷም ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ወላጆችና ተማሪዎች ትምህርት መስጠትን ሥራቸው አድርገውታል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አስፈራሪው የሰፈር ሰው መሆን አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ምስል አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ትልቁ ሥራ መሠራት ያለበት ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አስፈራሪው የሚይዘው ገመድ

እስቲ የዚህ አስፈራሪ ኃይል ከየት እንደሚመጣ እንመርምር። ሰውየው ልጅቱን በእጁ አይነካትም። ቤቷን ላያውቀው ይችላል። ታዲያ እንዳሻው የሚያዛት በምን ጉልበቱ ነው? ትልቁ ጉልበቱ «እናቴ ከሰማች ወየውልኝ» የሚለው ፍርሃቷ ነው። ይህ ፍርሃት ባይኖር ኖሮ ልጅቱ በመጀመሪያው ማስፈራሪያ ተነሥታ «እማዬ፣ እንዲህ የሚለኝ ሰው አለ» ትል ነበር። የሰውየውም ገመድ በዚያው ይላላ ነበር።

ይህን ፍርሃት በልጅቱ ልብ የተከለው ደግሞ ሰውየው አይደለም፤ ተተክሎ ነው ያገኘው። በየቤቱ የሚነገሩትን ቃላት እናስታውስ። «እንዲህ ያለ ነገር ስታደርጊ ባገኝሽ እገልሻለሁ» ይባላል። የጎረቤት ልጅ ነገር ደርሶባት ሲወራ «ቤተሰቧን አዋረደች» ይባላል። ይህ ሁሉ የሚነገረው ከክፋት ሳይሆን ልጅን ከመውደድና ለልጅ ከመፍራት የተነሣ ነው። ልጅ ግን ነገሩን የሚወስደው እንደ ተነገረው ነው። ስለ ጎረቤት ልጅ የተነገረውን ለራሷ አድርጋ ትመዘግበዋለች። አንድ ቀን አስፈራሪው «ለእናትሽ እነግራለሁ» ሲል፣ ያን ቀን የተመዘገበው ቃል ይነሣና አፏን ይዘጋዋል።

ገመና መሸፈን በባህላችን የተከበረ ነገር ነው። ይሁንና ገመና የሚሸፈነው ከውጭ ሰው ነው እንጂ ከእናት አይደለም። በቤት ውስጥ የተደበቀ ነገር አስፈራሪውን ይጠቅማል፣ ልጁን ይጎዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለውም ለዚህ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው አባባል በሌላ ጉዳይ ይሠራ ይሆናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን መከራው ከልጅ ትከሻ በላይ ነውና ለመከራ መተው አይገባም።

ስልክ የመንጠቁም ነገር በማስተዋል መታየት አለበት። ልጅ አንድ መጥፎ ነገር አይቶ ለእናቱ በተናገረ ጊዜ ወዲያው ስልኩ ቢወሰድበት፣ የሚማረው «ሁለተኛ አልናገርም» ማለትን ነው። ከልጁ አስተያየት የተቀጣው ስላየ ሳይሆን ስለ ተናገረ ነው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ነገሩ ሳይደርስ አስቀድማችሁ፣ ቡና በሚፈላበት ወይም አብራችሁ ልብስ በምታጥፉበት በአንዱ ሰላማዊ ሰዓት ልጃችሁን እንዲህ በሉት። «ልጄ፣ ስልክ ላይ የሚያስፈራህ ወይም የሚያሳፍርህ ነገር ከገጠመህ ንገረኝ። ጥፋቱ ያንተ ቢሆንም እንኳ ንገረኝ። አልመታህም፤ ስለ ነገርከኝም ስልክህን አልነጥቅህም። አብረን መላ እንፈልጋለን።» ይህ ቃል አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚተው ሳይሆን በየጊዜው መታደስ ያለበት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ። ልጅ አስቀድሞ በትንሹ ነገር ይፈትናችኋል፤ «አንድ ልጅ በቴሌግራም ሰደበኝ» ይላችኋል። ያን ጊዜ ሳትቆጣ ያዳመጠች እናት ትልቁንም ነገር የመስማት ዕድል ይኖራታል።

በየዕድሜው የሚደረግ ጥበቃ

ከዚህ መሠረት ቀጥሎ የሚመጡት የእጅ ሥራዎች ናቸው። እነዚህም እንደ ልጁ ዕድሜ ይለያያሉ።

ትምህርት ቤት ላልደረሰ ሕፃን ስልክ ሞግዚት ሊሆን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቁጭ ብሎ ስክሪን እንዳያይ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይመለከት ይመክራል። ማየቱ ካልቀረ ተረቱንና መዝሙሩን አስቀድማችሁ አውርዳችሁ፣ ዳታውንና ዋይፋዩን ዘግታችሁ ስጡት። ኢንተርኔት በተዘጋበት ስልክ እንግዳ አይገባም። ክፍት መሆኑ ግድ ከሆነም ዩቲዩብ በራሱ ወደ ሌላ ቪዲዮ የሚያልፍበትን ቁልፍ አጥፉት።

ከ7 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ የራሱ ስልክ ባይኖረው ይመረጣል። የእናቱን ወይም የአባቱን ስልክ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ባለበት ይጠቀም። የቴሌብርና የባንክ የምስጢር ቁጥር ልጅ የሚያውቀው ነገር መሆን የለበትም። በመልእክት የመጣን ቁጥር ለማንም እንዳይናገር፣ የትምህርት ቤቱን ስምና የሰፈሩን ምልክት ለማያውቀው ሰው እንዳይጽፍ አስተምሩት። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ የግል ምስጢር መጠበቂያውን ክፍል ከፍታችሁ፣ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ፣ ወደ ቡድን ሊያስገባው የሚችለውም የሚያውቀው ሰው ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አሠራሩን ካላወቃችሁት ልጃችሁ ራሱ ያሳያችሁ። ልጅ እናቱን ማስተማር ደስ ይለዋል፤ እግረ መንገዳችሁንም በምን በምን እንደሚገለገል ታያላችሁ።

13 ዓመት ካለፈው ልጅ ጋር የሚያዋጣው ስምምነት ነው። መልእክቱን በስውር እየከፈቱ ማንበብ የታወቀ ዕለት መተማመኑን ያፈርሳል። ይልቁንም «አልፎ አልፎ አብረን እናያለን» ብላችሁ በግልጽ ተስማሙ። ቲክቶክ የወላጅን አካውንት ከልጅ አካውንት ጋር አያይዞ የመመልከቻ ሰዓትን ለመወሰንና መልእክትን ለመገደብ የሚያስችል አሠራር ከ2020 ጀምሮ አለው፤ ተጠቀሙበት። ሌሊት ደግሞ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ተደርጎ ይደር። የእናትና የአባትም ስልክ ጭምር እዚያው ቢያድር ልጁ ደንቡን እንደ ቅጣት አያየውም።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የምትውሉ እናቶች «ይህን ሁሉ መቼ ላድርገው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው ከራት በኋላ ለልጅ የሚሰጥ 15 ደቂቃ ነው። «ምን ስታይ ዋልክ?» ብላችሁ እንደ መርማሪ አትጠይቁት፤ «ዛሬ ስልክ ላይ ምን አሳቀህ? እስቲ እኔም ልይ» በሉት። ሁለተኛው ከልጁ ጋር የሚውለውን ሰው ማስተማር ነው። አያቱ፣ ታላቅ እህቱ፣ የቤት ሠራተኛዋም የምክሩ ተካፋይ ይሁኑ። ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ ገና ልጅነቷን ያልጨረሰች፣ ከአገር ቤት የመጣች ልጅ ናት። እርሷም ስልክ ትይዛለች፤ እርሷንም የሚያባብል እንግዳ አለ። ለልጃችሁ የገባችሁትን ቃል ለእርሷም ግቡላት።

ምልክቶችንም አስተውሉ። ሰው ሲመጣ ስልኩን ቶሎ የሚገለብጥ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ፣ ማን እንደ ሞላለት የማይታወቅ ካርድ ያለው፣ ያለ ወትሮው «ትምህርት ቤት አልሄድም» የሚል ልጅ ካለ፣ ከመቆጣት በፊት ቀረብ ብሎ ማነጋገር ይገባል።

ወላጆች የሚለጥፉት ፎቶ

ጥበቃው ከወላጅ እጅም ይጀምራል። የልጅ ልደት ሲከበር ሙሉ ስሙንና የተወለደበትን ቀን ከፎቶው ጋር ፌስቡክ ላይ ማውጣት የተለመደ ሆኗል። በመስከረም ወር ትምህርት ሲከፈት የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበትን የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶ በየቦታው ይለጠፋል። ሕፃን ሲታጠብ የተነሣ ፎቶም አለ። ፎቶውን የሚያየው ዘመድ ብቻ አይደለም። ስሙን፣ ዕድሜውንና ትምህርት ቤቱን ያወቀ እንግዳ «የእናትህ ጓደኛ ነኝ» ብሎ ለመቅረብ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር የለም። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ፎቶውን ለእርሱ ብቻ መላክ ይቻላል። ትልቅ ለሆነ ልጅ ደግሞ ፎቶውን ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁት። ፈቃድ የሚጠየቅ ልጅ ለሌላ ሰው «አይሆንም» ማለትን ይማራል።

ነገሩ ደርሶ ከተገኘ

ልጃችሁ እያለቀሰ መጥቶ «እማዬ፣ አንድ ሰው በፎቶዬ ያስፈራራኛል» ቢላችሁ ያቺ የመጀመሪያዋ ሰዓት ወሳኝ ናት። በቅድሚያ «ስለ ነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ፤ ጥፋተኛው እርሱ ነው» በሏት። ወቀሳም ምክርም ካለ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ቀጥሎም መልእክቱን አታጥፉ። የሰውየውን ስም፣ ቁጥርና የጻፈውን ሁሉ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪን ሾት አንሥታችሁ አስቀምጡ። የልጁን ገላ የሚያሳየውን ምስል ግን ለዘመድም ሆነ ለጓደኛ «እዩልኝ» ብላችሁ በፍጹም አታስተላልፉ። ገንዘብ አትክፈሉ፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ሰውየውን ብሎክ አድርጉት፤ ለመገናኛው ባለቤት ድርጅትም በመጠቆሚያው በኩል አመልክቱ፤ የይለፍ ቃሉንም ለውጡ።

ከዚያም ወደ ፖሊስ ሂዱ። «ማንነቱ የማይታወቅን ሰው ማን ይከሰዋል?» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ የሚያሳይ የወሲብ ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትንና መያዝን፣ እንዲሁም ልጅን በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ለእንዲህ ያለ ተግባር ማነሳሳትን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል። በኮምፒዩተር ሥርዓት ሰውን ማስፈራራትም በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ጥቅም እንዲቀድም ያዛል። ስለዚህ ለፖሊስ ስታመለክቱ የምትጠይቁት የልጃችሁን መብት ነው፤ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም።

ምስሉ እንዳይሰራጭ የሚያግዝ ነጻ አገልግሎትም አለ። የአሜሪካው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በ2023 የጀመረው «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለው አገልግሎት ነው። አሠራሩ እንደ ጣት አሻራ ነው። ምስሉ ከልጁ ስልክ ሳይወጣ የምስሉ መለያ ቁጥር ብቻ ይመዘገባል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉ ተሳታፊ ድርጅቶችም በዚያ ቁጥር አማካይነት ምስሉን በየገጻቸው ፈልገው ያነሡታል።

በዚህ ሁሉ መካከል የልጁ መንፈስ እንዳይረሳ። በእነዚያ ቀናት ልጁን ብቻውን አታስቀሩት። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ ክፍያና ስለ ደንብ ልብስ ስንነጋገር፣ የክፍሉን የቴሌግራም ቡድን ማን እንደሚመራው፣ ማን ማን እንዳለበት፣ ስድብ ሲነሣ ማን እንደሚያስቆመው እንጠይቅ። አንዷ እናት ስትጠይቅ ሌሎቹም ይደፍራሉ።

መሣሪያው በየዓመቱ ይለዋወጣል። ዛሬ ቲክቶክና ቴሌግራም ያልነው ነገ ሌላ ስም ይዞ ይመጣ ይሆናል፤ የሚዘጋው ቁልፍ፣ የሚስተካከለው ነገርም አብሮ ይለወጣል። የማይለወጠው ልጅ ሲደነግጥ መጠጊያ መፈለጉ ነው። ያ መጠጊያ እናቱ ወይም አባቱ መሆናቸውን ልጁ አስቀድሞ ካወቀ፣ የእንግዳው «እነግርብሻለሁ» ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። ነገሩ አስቀድሞ ለእናት ተነግሯልና።